እየዋሸ ያለው እሷን ነው እኛን?

«ሳብሪና» የተባለችውን የድሮ የሆሊውድ የፍቅር ኮሜዲ ያየናት ደሴ ውስጥ፣ ቴአትር ከሚወዱ ወጣቶች ጋር፣ ግድግዳ ላይ በተወጠረ ነጭ አንሶላ ነው። እንግሊዝኛው ለሚያስቸግረው አንድ ልጅ ከጎን ቆሞ ይተረጉም ነበር፤ የድሮ ቪዲዮ ቤት ወግ ሳይቀርበት፣ ግማሹን ከፊልሙ ግማሹን ከራሱ። ዴቪድ የተባለው ቅምጥል የኋላ ኪሱ የሸጎጣቸውን የሻምፓኝ ብርጭቆዎች ረስቶ ቁጭ ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። መሪ ተዋናዩ ልጅቷን ጀልባ ላይ የሚያማልልበት ቦታ ስንደርስ ግን ሁሉም ጭጭ አለ። የመሰልቸት ዝምታ አልነበረም። ይሳቅ ወይስ ይታዘን ግራ የገባው ሰው ዝምታ ነበር። ያን ጊዜ አንዲት ተመልካች ከኋላ፣ «አሁን እየዋሸ ያለው እሷን ነው እኛን?» አለች። ተርጓሚያችን እንኳ ቀልድ አላገኘላትም።

ጥያቄዋ ከዚያ ወዲህ ይከነክነኛል። ስለዚህ ፊልም የሚባለው የተለመደ ነገር «መሪ ተዋናዩ አይመጥንም፣ አርጅቷል» ነው። የልጅቷ ጥያቄ ግን ስለ ዕድሜ አንድም ቃል የለውም፤ እየቆየሁ ሳስበው ደግሞ ከብዙዎቹ ሐያሲዎች ይልቅ ችግሩን የነካችው እሷ ትመስለኛለች።

ላላየው በአጭሩ። የሀብታም ቤት ሹፌር ልጅ የሆነችው ሳብሪና (ኦድሪ ሄፕበርን) ከጋራዡ በላይ ካለው መኖሪያቸው ሆና የጌቶቹን ታናሽ ልጅ ዴቪድን (ዊልያም ሆልደን) ትወዳለች፤ እሱ አያያትም። ፓሪስ ሄዳ ምግብ ሥራ ተምራ፣ ሌላ ሰው ሆና ስትመለስ ይከንፍላታል። ግን ለቤተሰቡ ንግድ ሲባል የስኳር ባለሀብት ልጅ ታጭታለታለች። ያ ጋብቻ እንዳይፈርስ ታላቅ ወንድሙ ላይነስ (ሃምፍሪ ቦጋርት)፣ ከሥራው በቀር ሌላ ፍቅር የማያውቅ ሰው፣ ልጅቷን ራሱ አማልሎ ወደ ፓሪስ መልሶ ሊሸኛት ያቅዳል። ሲያማልል ራሱ ይማለላል። ቢሊ ዋይልደር በ1954 ለእይታ ያበቃው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ዕድሜው ነው?

ቁጥሩን እንየው። ቦጋርት የተወለደው በ1899 መጨረሻ፣ ሄፕበርን በ1929 ግንቦት ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ልዩነት። አባቷ ይሆናል ብሎ የሚያጉረመርም ተመልካች አይፈረድበትም።

ነገር ግን ዋይልደር ለሚናው መጀመሪያ የፈለገው ካሪ ግራንትን ነበር፤ ግራንት እምቢ ሲል ነው ቦጋርት የመጣው። ግራንት ደግሞ የ1904 ሰው ነው። ከቦጋርት በአራት ዓመት ብቻ ያንሳል። ከሄፕበርን ጋር ቢቆም የሚኖራቸው ልዩነት ሃያ አምስት ዓመት ነው። ሆኖም «ግራንት ቢሠራው ኖሮ» የማይል የፊልም ወዳጅ አላገኘሁም። ሃያ አምስቱን የተቀበለ ሰው በአራት ዓመት ጭማሪ ይህን ያህል የሚቆጣበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ዕድሜው ያባብሳል እንጂ የበሽታው ሥር አይደለም።

«ቦጋርት ኮሜዲ አይችልም» የሚለውም አያስኬድም። በ1951 «ዘ አፍሪካን ኩዊን» ላይ ከካትሪን ሄፕበርን ጋር የሠራው የጀልባ ነጂ ያስቃል፣ ይወደዳልም፤ ብቸኛ ኦስካሩን ያገኘበትም ሥራ ነው። ልዩነቱን ልብ በሉ። እዚያ ጢሙ ያልተላጨ፣ ጂን ከተባለው መጠጥ የማይለይ፣ ሴትዮዋ መጠጡን ወንዝ ውስጥ ስትደፋበት የሚለማመጣት ሰው ነው። የሚያፍርበት፣ የሚዋረድበት፣ የሚታዘዝበት ቦታ ተሰጥቶታል። የሚደብቀው ነገር የለውም። «ሳብሪና» ላይ ግን ባለ ሥልጣን ነው፣ ባለ ዕቅድ ነው፣ ሙሉ ልብሱን ጥብቅ አድርጎ ለብሷል፤ ይህ ሁሉ ሲደመር ፊቱን ይዘጋዋል። ያው ተዋናይ ነው፣ ዕድሜውም የሦስት ዓመት ለውጥ ብቻ ነው ያለው። የተበላሸው በእሱና በሚናው፣ በእሱና በአጠገቡ ባለችው ሴት መካከል ያለው መገጣጠም ነው።

ጀልባው ላይ

ላይነስ ለማማለል ወደ ጀልባ ሲሄድ የዩኒቨርሲቲ ዘመኑን ሹራብ ለብሶ፣ ትንሽዬ የተማሪ ቆብ ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ፣ የሸክላ ማጫወቻ ይዞ ነው። ሸክላውም ስለ ሙዝ የሚዘፈን የድሮ የቀልድ ዘፈን ነው። እስከዚህ ድረስ ስክሪፕቱ እንከን የለውም፦ ሃምሳ ያለፈው የኩባንያ አለቃ እንደ ጎረምሳ ለብሶ ሊያፈቅር ሲሞክር ከማየት በላይ ለኮሜዲ ምን ይመቻል?

ከዚያ ሌላ ዘፈን ይመጣል፤ ይዘጋልኝ ይላል። አንዳንድ ዜማ የቆየ ነገር ይቀሰቅስብኛል ዓይነት። ትወዳት ነበር? ብላ ስትጠይቀው ስለሱ ባናወራ ይሻለኛል ይላታል። በአጭሩ ሰውየው ትዝታ እያስመሰለ ነው። የወሎ ተመልካች ፊት ትዝታ ማስመሰል ደግሞ ቀላል ድፍረት አይደለም፤ ባቲና አምባሰል የተሰየሙበት አገር ሰው፣ ዘፋኙ ከልቡ ይሁን ከጉሮሮው ለመለየት ሁለተኛ ስንኝ አይጠብቅም። ያ ቤት ዝም ያለውም ለዚህ ይመስለኛል። ውሸቱን መለየት አቅቶት ነው፣ መለየት ደግሞ ልማዱ ነው።

እዚህች ትዕይንት ላይ በደንብ እንቆይ። በፍቅር ኮሜዲ ውስጥ ውሸት አራት እርከን አለው። ይዋሻል፤ ታምነዋለች፤ እንዳመነችው ያያል፤ ያፍራል። የመጀመሪያው በቃል ይከወናል። ሁለተኛው የእሷ ሥራ ነው፤ ሄፕበርን አሳምራ ትሠራዋለች፤ ዓይኗ ላይ ርኅራኄው ሲገባ ይታያል። ሦስተኛውና አራተኛው የእሱ ፊት ላይ መውጣት አለባቸው። ብዙ አይደለም፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ፦ ትንፋሽ መዋጥ፣ ዓይን መስበር፣ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር መርሳት። ተመልካቹ «አሃ፣ ያዘው!» የሚለው ያኔ ነው። ቦጋርት ፊት ላይ እነዚህ ሁለት እርከኖች ይጠፋሉ፤ ወይም እኔ ደጋግሜ ፈልጌ አላገኘኋቸውም። ሲዋሽም ሲያዝንም ሲያፈቅርም ያው የደከመ፣ የተጠበቀ ፊት ነው። የልጅቷ ጥያቄ ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ዕቅዱን ከራሱ አፍ ሰምተናል። ዕቅዱ መቼ እንደፈረሰ ግን አላየንም።

ይህ ፊት በሌላ ቦታ ሀብት ነበር። በ1941 «ዘ ማልቲዝ ፋልከን»ን፣ በ1942 «ካዛብላንካ»ን ያቆመው እሱ ነው። በወንጀልና በጦርነት ታሪክ ውስጥ ምን እንደሚያስብ የማናውቀው ሰው ይስበናል፤ መጨረሻ ላይ ደግነቱ ሲወጣ ዋጋ የሚኖረው እስከዚያ ስለተደበቀ ነው። የፍቅር ኮሜዲ ግን በተቃራኒው ይሠራል። ተመልካቹ ከፍቅረኞቹ ቀድሞ ማወቅ አለበት። ሰውየው «አልወዳትም» እያለ እኛ እንደሚወዳት ካላየን የሚያስቅ ነገር የለም፤ የሚቀረው አንድ ትልቅ ሰው አንዲትን ልጅ ሲያታልል ነው፣ እሱ ደግሞ አያስቅም። ፕሮዲዩሰር ስም ይገዛል፤ በስሙ ውስጥ ያለው ፊት ለየትኛው ታሪክ እንደተሠራ ካልጠየቀ ነገሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል።

ይህን በራሳችሁ ለመፈተን የጀልባውን ትዕይንት ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። መጀመሪያ እሷን ብቻ፣ ቀጥሎ እሱን ብቻ። እሷ ምን እንደተሰማት ያለ ድምፅ መተረክ ትችላላችሁ። እሱን ለመተረክ ድምፁን መመለስ ካስፈለጋችሁ ችግሩን አገኛችሁት ማለት ነው። የትኛውንም የአማርኛ የፍቅር ኮሜዲ እንዲሁ መፈተን ይቻላል፤ ውጤቱ አንዳንዴ ያሳዝናል።

በጥላ መሸፈንና በጽሑፍ ማቃናት

ዋይልደር ከሦስት ዓመት በኋላ ያንኑ መንገድ ደገመው። በ1957 «ላቭ ኢን ዘ አፍተርኑን» ላይ ከዚያችው ከሄፕበርን ጋር ጋሪ ኩፐርን አቆመ፤ ኩፐር የ1901 ሰው ነው። ዕድሜው እንዳይጎላ ፊቱን ብዙ ጊዜ ጥላ ውስጥ አስገብቶ ቀረፀው። ውጤቱ ግልጽ ነው፦ ሽበቱ ተደበቀ፣ ዓይኑም አብሮ ተደበቀ። የፍቅር ኮሜዲ ደግሞ ከዓይን ሌላ መተዳደሪያ የለውም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው ለዚህ ነው። መብራት፣ ሜካፕ፣ ከጀርባ መቅረፅ፣ ኤዲቲንግ ላይ ፊቱን ቆርጦ እሷን ማሳየት፣ ሁሉም የተሳሳተውን ምርጫ ለጥቂት ደቂቃ ይሸፍኑታል፤ ከዚያ ታሪኩ የእሱን ፊት የሚፈልግበት ቦታ ይመጣል፣ ፊቱ የለም።

ትክክለኛውን መድኃኒት ያገኘው ራሱ ካሪ ግራንት ነው። በ1963 ስታንሊ ዶነን ባዘጋጀው «ሻሬድ» ላይ ከሄፕበርን ጋር ሲሠራ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ እሷ ሠላሳ አራት። ይህች ልጅ ላይ ሳንዣብብ ብታይ አስቀያሚ ይሆናል ብሎ ሠጋ። ስለዚህ ስክሪፕቱ ተስተካክሎ አሳዳጇ እሷ ሆነች። እሷ ትቀርባለች፣ እሱ ያፈገፍጋል፤ ዕድሜውን ቀድሞ የሚያነሳውም እሱ ነው። ተመልካቹ ሊል ያሰበውን ተዋናዩ አስቀድሞ ሲለው ቅሬታው ሳቅ ይሆናል። አንድም መብራት አልጠፋም፣ የተለወጠው ማን ማንን እንደሚፈልግ ነው።

በ1995 ሲድኒ ፖላክ «ሳብሪና»ን እንደገና ሲሠራው ላይነስን የሰጠው ለሃሪሰን ፎርድ ነው። እሱም በጀብዱና በዝምታ የታወቀ ፊት። ስለዚያ ብዙ አልልም፤ ስክሪፕቱ ሳይሆን ፖስተሩ የመረጠው ይመስላል።

ደሴ ላይ ብንሠራው

በዚያ ምሽት ማግስት ወጣቶቹ ታሪኩን ወደ ወሎ አምጥተው አጭር ፊልም ሊያደርጉት ተነሱ። ሐሳቡ ያስኬዳል። የሹፌሩ ልጅ ከኮምቦልቻ፣ ባለሀብቶቹ ከደሴ፣ በመካከላቸው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ። ጀልባው ሐይቅ ላይ ይሆናል፤ ከደሴ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በተማሪ ቆቡ ፋንታ ላይነሳችን የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ዘመኑን የስፖርት ሹራብ፣ ሆዱ ላይ የማይደርስለትን፣ ይልበስ። ቀሪው ካስቲንግ ነው፣ ተዋናይ መምረጡ፤ እዚያ ላይ ደግሞ የለመድነው አሠራር በቀጥታ ወደ ቦጋርት ችግር ይወስዳል።

የለመድነው ምንድን ነው? ፎቶ በቴሌግራም ይላካል፤ ከዚያ አመልካቹ ብቻውን ቆሞ ሞኖሎግ ያቀርባል፤ ሞኖሎጉ ሁልጊዜ ልቅሶ ነው። ያለቀሰ ያልፋል። ማልቀስ መቻል ለፍቅር ኮሜዲ የሚነግረን ነገር የለም። ለዚህ ዓይነት ፊልም ሰው ብቻውን ፈጽሞ መታየት የለበትም፣ ምክንያቱም የምንፈልገው ጥንዱን ነው። ሦስት ወንድና ሦስት ሴት ካለፉ ዘጠኝ ጥንድ ይሆናሉ፤ ለአንዱ ጥንድ አሥር ደቂቃ ቢሰጥ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ከሰዓት ይበቃል። ግለሰቡ ጎበዝ ሆኖ ጥንዱ ከቀዘቀዘ ጎበዙን መልሱት፤ ያማል፣ ግን ቀረጻ ተጀምሮ ከማወቅ ይቀላል።

አሥሩ ደቂቃ እንዲህ ይሂድ። ሁለት ገጽ ንግግር ይሰጣቸው፤ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው። የሚመረጠው ገጽ መሳሳሚያው ወይም መጣያው ሳይሆን አንዱ የሚዋሽበት ይሁን። አንዴ ተቀምጠው፣ ሳይተውኑ፣ ተራ ወሬ አስመስለው ያንብቡት። ሁለተኛ ፍላጎቱ ይገልበጥ፦ ማምለጥ የሚፈልገው አሁን መቅረት ይፈልጋል፣ ቃሉ ግን አይለወጥም። ሦስተኛ ወረቀቱ ይቀመጥና እሷ ብቻ ትናገር፣ እሱ አንድ ሙሉ ደቂቃ ያዳምጥ። ይህ ሦስተኛው ነው ወሳኙ። ስም ያላቸው ተዋንያን የሚወድቁት እዚህ ነው፤ የራሳቸው ተራ እስኪደርስ ይጠብቃሉ እንጂ አይሰሙም። የሚሰማ ሰው ፊቱ ሳያዘው ይንቀሳቀሳል።

ስልክ በማቆሚያ ላይ፣ በዓይናቸው ቁመት፣ ሁለት ሜትር ያህል ርቀት ላይ ቁሞ ሁለቱን በአንድ ፍሬም ይቅረፅ። ፊት ለፊት እየተቀያየሩ ክሎዝ አፕ (ፊት ብቻ አቅርቦ) መቅረፅ ኦዲሽን (የተዋናይ መምረጫ ፈተና) ላይ አይጠቅምም፣ መገጣጠማቸውን ይቆርጠዋል። ማታ ላይ ድምፁን አጥፍቶ ማየት ነው። ታሪኩን የማያውቁ አምስት ስድስት ሰዎች ይጨመሩ፤ ደሴ ውስጥ ለፊልም አስተያየት የሚሰስት ሰው የለም። የሚጠየቁት «ወደዳችሁት?» ተብለው አይደለም። «አሁን ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው?» ነው ጥያቄው። መልሳቸው ከተመሳሰለ ፊቱ ክፍት ነው። ስድስት ዓይነት መልስ ከመጣ ገጹን ለሌላ ጥንድ ስጡት፤ አሁንም ስድስት ከሆነ ጥፋቱ የደራሲው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የሚያበሳጨኝ ስለሆነ። ወሎዬን ለማጫወት ከሌላ ቦታ መጥቶ በየዓረፍተ ነገሩ «ወላሂ» እና «አብሽር» የሚደረድር ተዋናይም ያልተመጠነ ነው። የወሎ ሰው አነጋገር በቃላቱ ብቻ አይያዝም፤ ጨዋታው ያለው በሚያቆምበት ቦታ፣ «እንዴት ዋላችሁ፣ አማን ናችሁ» ብሎ ወደ ጉዳዩ ለመግባት በሚወስደው ጊዜ ነው። ኮሜዲው ከዚያ መጓተት ውስጥ ይወጣል። አስመሳዩ ግን ቃሉን ይዞ ጊዜውን ይጥላል።

ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ስመ ጥሩን ተዋናይ ካላመጣሁ ካለ፣ ይላልም፣ ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው የግራንት መንገድ ነው፤ አሳዳጇ እሷ ትሁን፣ ቀልዱ በእሱ ላይ ይሁን። ሁለተኛው ከውሸቱ በፊት አሥር ሰከንድ ለብቻው መስጠት ነው፦ መኪናው ውስጥ መስተዋት እያየ «ስለሱ ባናወራ» የሚለውን ሲለማመድ፣ ሦስት ጊዜ ሦስት ዓይነት ሲለው። ያኔ ጀልባው ላይ ሲናገረው ፊቱ ቢዘጋ እንኳ እኛ ምስጢሩን ይዘናል። በመጨረሻ ከሦስቱ ያልተለማመደውን አራተኛ ዓይነት ከተናገረ ደግሞ ዕቅዱ መፍረሱን ያለ ክሎዝ አፕ አወቅን።

ሐይቁ ላይ ዘፈኑ አብሮ እየተጫወተ ንግግር እንዳይቀረፅ። ኤዲተሩ አንድ ቃል በቆረጠ ቁጥር ዜማው ይዘላል። ዘፈኑ ለአንድ ጊዜ ተከፍቶ ስሜቱን ይያዙት፣ ይዘጋ፣ ንግግሩ በጸጥታ ይቀረፅ፤ ዜማው ኋላ ይገባል። የሞተር ጀልባ ከሆነ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጀልባው ታስሮ፤ ማይኩም ልብስ ላይ፣ በነፋስ መከላከያ። ትዝታ ከገባ አሥር ሰከንድ አይለፍ። ከዚያ ከረዘመ ተመልካቹ ውሸቱን ትቶ የራሱን ትዝታ ይዞ ይሄዳል፣ ሰውየው በዜማው ብድር ይወደዳል፣ እኛም ያልሠራነውን ትወና እንደሠራን እናስባለን።

ኦዲሽኑ ሲጠራ ደግሞ ከመሪው አይጀመር፤ ከአባቷ ይጀመር፣ ከሹፌሩ። በዋይልደር ፊልም ላይ ለላይነስ ሕይወትን በቤት መኪና የሚመስልለት እሱ ነው፦ የፊት ወንበር አለ፣ የኋላ ወንበር አለ፣ መሐሉ ላይ መስኮት አለ። ያን ንግግር ሳይከብደው፣ ሳያለቅስ፣ መሪውን እንደያዘ የሚናገር ሰው ከተገኘ ልጅቷ ከእሱ ጋር ትነበብ፤ የእሷ ድምፅና ለዛ ከዚያ ይታወቃል። ላይነስ የሚመረጠው ከሁለቱ በኋላ ነው፣ ከሁለቱም ጋር ተነብቦ። አባትየውን «አንቱ» ሲለው እውነት የሚያፍር ከሆነ ይግባ።